ያገለገለ ባጃጅ መሪው ሲጎትት

ያገለገለ ባጃጅ ወደ አንድ ወገን ሲጎትት ጥርጣሬው ሁሉ መሪው ላይ ያርፋል። ሆኖም ባጃጅን የሚመራው አንድ የፊት ጎማ ሲሆን የሚገፉት ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ናቸው። ከኋላ የተዛነፈውም ቢሆን የሚሰማው ሹፌሩ እጅ ላይ ነው። መሪው ሳይመረመር ወዲያው ከተፈታ ጤነኛው ዕቃ ተቀይሮ በሽታው እንዳለ ይቀራል።

ፍተሻው ከመንገዱ ይጀምራል። ለምሳሌ አሰላ በጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ተዳፋት ይዛ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ወደ ጎን ያዘነበለ መንገድ ላይ ማንኛውም ተሽከርካሪ ወደ ዝቅተኛው ጠርዝ ያደላል። ስለዚህ ባጃጁ በአንድ መንገድ ሲሄድም ሲመለስም መሞከር አለበት። ሲሄድ ወደ ግራ፣ ሲመለስ ወደ ቀኝ የሚጎትት ከሆነ ጥፋቱ የመንገዱ ነው። በሁለቱም ጉዞ ወደ አንድ ወገን ካደላ ግን ችግሩ ከራሱ ሳይሆን አይቀርም።

ቀጥሎ ጎማ ይታያል። የጎማ አየር የሚለካው ጠዋት ነው፣ ባጃጁ ሥራ ሳይጀምርና ጎማው ሳይሞቅ። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እኩል አየር ካልያዙ ባጃጁ ዝቅ ወዳለው ያደላል። የባጃጅ ጎማዎች እርስ በርስ ስለሚቀያየሩ ትርፉን ጎማ ከፊት አስሮ መሞከር ምንም ወጪ የለውም። መጎተቱ ከቆመ ነገሩ እዚያው ያበቃል። የሚጎትተው ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ ደግሞ ከኋላ የአንዱ ወገን ሸራ ቀድሞ እየያዘ ነው፤ ከጭቃ ሰፈር የወጣ ባጃጅ ላይ ታምቡሩ ውስጥ የገባ ደለልም እንዲህ ያደርጋል።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ መሪው የሚኬደው። ባጃጁ በክሪክ ተነሥቶ የፊት ጎማው ከመሬት ሲለቅ መሪው በሁለት ጣት ቀስ ተብሎ ከዳር እስከ ዳር ይዞራል። ጤነኛ መሪ ያለ ማቋረጥ ይንሸራተታል። ያረጀው ልክ መሐል ላይ፣ ጎማው ቀጥ ሲል፣ ጉድጓድ ውስጥ እንደገባ ይያዛል። መሪው አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ብሎ ስለሚውል ኮብልስቶኑ ሲመታው የኩሽኔታው ኳሶች መቀመጫቸውን ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ይነድሉታል። የታችኛው ኩሽኔታ ቀድሞ ያልቃል፤ ሸክሙም ውኃውም የሚያገኘው እሱን ነው። እንዲህ ያለ ባጃጅ ቀጥ ብሎ መሄድ ይከብደዋል፤ ሹፌሩ ትንሽ ሊያርመው ሲል ከጉድጓዱ ዘልሎ ከሚገባው በላይ ይታጠፋል።

ገበያ ላይ ይህ ጉድለት ብዙ ጊዜ የመሪውን ዳዶ በማጥበቅ ይሸፈናል። መሪው መወዛወዙን ያቆማል፣ ገዢም ደስ ይለዋል፤ ነገር ግን ከታጠፈ በኋላ በራሱ አይመለስም። መሪው ጠጥሮ መሐል ላይ የሚያዝ ከሆነ መድኃኒቱ ኳሶቹን ከነመቀመጫቸው መቀየርና ግራሶ መሙላት ነው። ኳስ ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው።

የፊት ጎማው እንደ ቬስፓ በአንድ ወገን ክንድ ብቻ ነው የተያዘው። የክንዱ ቦኮላ ካለቀ ጎማው ወደ ጎን ይላወሳል። ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ ይህን ያሳያል፤ ነገር ግን የጎማው የራሱ ኩሽኔታም እንዲሁ ስለሚነቀነቅ፣ ሌላ ሰው ክንዱ መጋጠሚያ ላይ ጣቱን አሳርፎ ክፍተቱ ከየት እንደሆነ ይለያል።

ተገልብጦ የተነሣ ባጃጅ በሜትር ይታወቃል። መሪው ቀጥ ተደርጎ ከፊት ጎማው መሐል እስከ እያንዳንዱ የኋላ ጎማ መሐል ይለካል። የግራና የቀኙ ልዩነት ጎልቶ ከታየ የኋላ ክንድ ወይም ሻሲው ታጥፏል። ከሥር አዲስ ብየዳ መፈለግም ይጠቅማል፤ ትኩስ ቀለም የተቀባበት ቦታ በተለይ። ይህ በመሪ ሥራ አይድንም፣ ዋጋውንም ሊያስቀንስ ይገባል።

ሁሉ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ብቻ መሪው ቀለል የሚል ከሆነ ጭነቱ ነው። በገበያ ቀን ከኋላ የተጫነ የገብስ ወይም የድንች ጆንያ የፊት ጎማውን ያቀለዋል፤ ዳገቱም ያግዘዋል።