የአውግስጦስ ፊት ለምን አላረጀም?

በሉቃስ ወንጌል የሕዝብ ቆጠራ ያዘዘው አውግስጦስ ቄሣር በ63 ቅ.ል.ክ. ተወልዶ በ14 ዓ.ም. ሲሞት፣ 76 ዓመት ሊሞላው የቀረው አንድ ወር ያህል ነበር (እዚህ ያሉት ዓመታት፣ ካልተጠቀሰ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በግዛቱ ሁሉ የተተከሉት ምስሎቹ ግን ሽማግሌ አያሳዩንም። ፀጉሩ ግንባሩ ላይ የተደፋ፣ ጉንጩ ያልተሸበሸበ፣ የረጋ ጎልማሳ ነው የምናየው። ከእርሱ በፊት የነበሩት የሮም ሹማምንት ፊታቸውን ሲያስቀርጹ የግንባራቸው መስመር፣ የረገበው አገጫቸው፣ የሟሸሸው ጉንጫቸው ሁሉ እንዲወጣ ይፈልጉ ነበር። ያረጀ ፊት በእነርሱ ዘንድ ሲያገለግል የኖረ ሰው ምስክር ወረቀት ነበርና። ቀራጮቹ በአንድ ትውልድ ውስጥ ሙያቸውን አልረሱም፤ የተለወጠው ምስሉ የሚናገረው ጉዳይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቄሣሮች ዘመን የሮም ኪነ ጥበብ የግሪክን መልክ ተውሶ፣ ግሪኮች አልፎ አልፎ ብቻ የሞከሩትን ነገር ዋና ሥራው አደረገው፦ ቀኑ የታወቀን ድርጊት፣ ስሙ የታወቀን ሰው፣ የዕለቱን የመንግሥት ሐሳብ በድንጋይ ማስነገር።

በ1863 ከሮም ወጣ ብሎ ፕሪማ ፖርታ በተባለ ስፍራ፣ በሚስቱ በሊቪያ ቪላ ፍርስራሽ የተገኘውና ዛሬ በቫቲካን ሙዚየም የቆመው ሐውልት ጉዳዩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ቁመቱ ከሁለት ሜትር በላይ ነው። አንዱ እግር ክብደቱን ሲሸከም ሌላው ዘና ማለቱ፣ ግሪካዊው ፖሊክሊቶስ ከአራት መቶ ዓመታት በፊት ከሠራው ጦር ተሸካሚ ወጣት የተቀዳ ነው። ባዶ እግሩን መሆኑና ከእግሩ ሥር ዶልፊን የሚጋልበው ሕፃን ኩፒድም የአማልክት ዘር ነኝ የሚል ወሬ ያሰማሉ። የደረት ጥሩሩ መካከል ላይ ግን አንድ የጳርቴ ሰው፣ አናቱ ላይ ንስር ያለበትን የሮም ጦር ዓርማ ለአንድ ሮማዊ ሲያስረክብ ተቀርጿል። የሮም የጦር መሪ ክራሱስ በ53 ቅ.ል.ክ. ካራይ በተባለ ስፍራ በጳርቴ ሰዎች ተሸንፎ ያስማረካቸው ዓርማዎች በ20 ቅ.ል.ክ. ያለ ጦርነት በድርድር ተመለሱ፤ የተቀረጸው ይህ ነው። ከላይ ሰማይ፣ ከታች ምድር ተንጋላ፣ መሐል ላይ የዲፕሎማሲ ድል። አቴናውያን ፋርስን ድል ማድረጋቸውን በፓርቴኖን ቤተ መቅደሳቸው ላይ ለመናገር አማዞኖች ከተባሉ ተዋጊ ሴቶችና ከግማሽ ሰው ግማሽ ፈረስ ፍጡራን ጋር የተደረገን የተረት ጦርነት መርጠው ነበር። ሮማዊው ዜናውን ራሱን ቀረጸ።

አራ ፓቺስ፣ የሰላም መሠዊያው፣ ከዚህም ይልቅ ይገርመኛል። አውግስጦስ ከስፔንና ከጎል ሲመለስ በ13 ቅ.ል.ክ. የሴኔቱ ምክር ቤት ወሰነው፣ በ9 ቅ.ል.ክ. ተመረቀ። በእብነ በረድ ቅጥሩ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ቤተሰብ ከካህናቱ ጋር በሰልፍ ይሄዳል። በፓርቴኖን ሰልፍ ውስጥ ያሉት ፊቶች የማንም ሊሆኑ የሚችሉ ውብ ፊቶች ናቸው፤ እዚህ ግን የአውግስጦስ አማች አግሪጳ ራሱን ተከናንቦ በመልኩ ይለያል። ሕፃናት የትልልቆቹን ቶጋ ይጎትታሉ፤ ከኋላ ያለች ሴት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም በሉ ትላለች። ከሰልፉ በታች የተጠላለፈውን ሐረግ ጠጋ ብሎ ያየ እንቁራሪትና እንሽላሊት፣ ወደ ወፍ ጎጆ የሚሳብ እባብም ያገኛል። ልጆቹ ለጌጥ ብቻ የገቡ አይመስለኝም። አውግስጦስ በ18 ቅ.ል.ክ. ጋብቻንና መውለድን የሚያበረታታ ሕግ አውጥቶ ነበርና፣ የሚጎተተው ቶጋም የዚያው ሕግ ወገን ነው።

እጆቹ የግሪኮች አይደሉም ወይ የሚል ይኖራል። ከቀራጮቹ ብዙዎቹ ግሪኮች እንደነበሩ ማንም አይክድም። መልክ ከባለ እጁ ቢመጣም መልእክቱ ግን ካዘዘው መንግሥት ይመጣል፤ ለዚህ ጥሩው ማስረጃ ቬስፓስያኖስ ነው። በ69 ዓ.ም. ከእርስ በርስ ጦርነት መሐል ሥልጣን የያዘው ይህ ጄኔራል ከትልቅ ቤት አልተወለደም። ከኔሮን ቅንጦት በኋላ ቁጥብና ልምድ ያለው ሰው ሆኖ መታየት ፈለገ፤ ስለዚህ በምስሎቹ ላይ በራው፣ የአንገቱ እጥፋት፣ የተሸበሸበው ግንባሩ ተመልሰው መጡ። እርጅናም ወጣትነትም በአንድ ከተማ የቀራጮች መሥሪያ ቤቶች ውስጥ እንደ ፍላጎት የሚነሡ ቃላት ነበሩ። የልጁን የቲቶን ቅስት ደግሞ ተመልከቱ፦ በ70 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የተዘረፈችውን ባለ ሰባት ቅርንጫፍ መቅረዝ ወታደሮቹ ተሸክመው ወደ በር ሲገቡ፣ ቀራጩ የፊተኞቹን በጥልቀት አውጥቶ የኋለኞቹን ስላሳሳ ሰልፉ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። የዚያች መቅረዝ ቅርጽ ዛሬ የእስራኤል መንግሥት ዓርማ ነው። ለድል አድራጊው የተቀረጸው ድንጋይ የተሸናፊውን ቅርስ ጠብቆ አቆየው።

ይበልጥ የሚከብደው ሌላው ተቃውሞ ነው፦ ይህ ሁሉ ፕሮፓጋንዳ አይደለም ወይ? ነው፤ እኛም ጦሱ ደርሶብናል። አውግስጦስ በ10 ቅ.ል.ክ. የግብፅን ሐውልቶች ወደ ሮም አስጭኖ አንዱን በታላቁ የሠረገላ መሮጫ ሜዳ አቁሞ ነበር። ሙሶሊኒ በ1937 የአክሱምን ሐውልት ወስዶ ያቆመው በዚያው ሜዳ አጠገብ ነው፤ አራ ፓቺስም በእርሱ ትእዛዝ የተቆፈረውና የተገጣጠመው በ1937 እና 1938 ነው። ሐውልታችን የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ነው። ሰላም ተብሎ የተሰየመው መሠዊያ በወረራ ላይ የቆመ መሆኑን ለመረዳት እኛን የሚያህል አንባቢ አይገኝም። ይሁን እንጂ ትእዛዙ ለምን እንደተሠራ ይነግረናል እንጂ እንዴት እንደተሠራ አይነግረንም፤ እንቁራሪቷን ያዘዘ አዋጅ የለም።

ደግሞም ይህን ቋንቋ የተናገሩት ቄሣሮች ብቻ አልነበሩም። በሮም ፖርታ ማጆሬ አጠገብ ከአውግስጦስ ዘመን መግቢያ አካባቢ የቆመ የዩሪሳኬስ መቃብር አለ፤ ነጻ የወጣ ባሪያ ሳይሆን አይቀርም የሚባል፣ በዳቦ ጋገራ የከበረ ሰው ነው። በመቃብሩ አናት ዙሪያ አማልክት የሉም። አህያ ወፍጮ ታዞራለች፣ ሠራተኞች ሊጥ ያቦካሉ፣ ጠረጴዛ ከበው ያድቦለቡላሉ፣ አንዱ ረጅም መቅዘፊያ ይዞ ምድጃው ላይ ጎንበስ ብሏል፣ መጨረሻ ላይ ዳቦው ይመዘናል። ሰዎቹ አጭርና ድፍን ናቸው፣ የግሪክ ውበት አልጎበኛቸውም፤ ሥራው ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተራውን ጠብቆ ይተረካል። በ113 ዓ.ም. የተመረቀው የትራያኖስ ዓምድ የዳኪያን ጦርነት ዙሪያውን እየተጠመጠመ ሲተርክም ከውጊያው እኩል እንጨት የሚቆርጡ፣ ቦይ የሚቆፍሩ፣ ምሽግ የሚገነቡ ወታደሮችን ያሳያል። ያ የአተራረክ ልማድ ከፓርቴኖን ይልቅ ለዳቦ ጋጋሪው መቃብር ይቀርባል።