ኪሎ ባይቀንስም ጤና ሊሻሻል ይችላል

በማኅበረሰባችን ውፍረት ለረጅም ዘመን የድሎት ምልክት ሆኖ ቆይቷል። “ወፍረሃል፣ ተመችቶሃል” መባል እንደ ምርቃት ይቆጠር ነበር። አሁን ደግሞ በተለይ በከተሞች ነገሩ ተገልብጦ፣ ወፍራም ሰው በታክሲ ውስጥ፣ በልብስ መሸጫ፣ አንዳንዴም በሕክምና ክፍል ውስጥ የሚሸማቀቅበት ጊዜ መጥቷል። ሙገሳውም ሆነ ወቀሳው ግን ስለ ሰውየው ጤና የሚናገረው ጥቂት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው እ.አ.አ በ2022 በዓለም ላይ ከስምንት ሰዎች አንዱ ከልክ ያለፈ ውፍረት ነበረበት። በኢትዮጵያ እ.አ.አ በ2000 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች መካከል ከመጠን ያለፈ ክብደት ወይም ውፍረት የነበረባቸው 3 በመቶ ነበሩ። ቁጥሩ በ2016ቱ ዳሰሳ 8 በመቶ ደርሷል፤ በከተማ 21 በመቶ፣ በገጠር 4 በመቶ። በዚያው ዳሰሳ 22 በመቶ የሚሆኑት ሴቶች ደግሞ ከሚገባው በታች ቀጭን ነበሩ። የምግብ እጥረትና ውፍረት በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ጎን ለጎን እንደሚኖሩ ይህ ያሳያል።

ውፍረት የሚለየው በአብዛኛው ክብደትን በኪሎ ግራም ወስዶ ለቁመት በሜትር ስኩዌር በማካፈል ነው። ውጤቱ 30 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል። ለምሳሌ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ሆኖ 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው ውጤቱ 31 ገደማ ነው። ይህ ስሌት ግን የደም ግፊትን፣ የደም ስኳርን፣ የእንቅልፍን ወይም የመንፈስን ሁኔታ አይናገርም። የሰብል ቁመት ብቻውን የምርቱን መጠን እንደማይናገር ሁሉ፣ ሚዛንም ብቻውን የጤናን ሙሉ ገጽታ አያሳይም።

ለምን ኪሎው ይመለሳል?

በጥብቅ የምግብ ቅነሳ ክብደታቸውን ካወረዱ ሰዎች ብዙዎቹ ከጊዜ በኋላ መልሰው ይጨምራሉ። ይህ የስንፍና ውጤት ብቻ አይደለም። ሰውነት ክብደት ሲያጣ የሚያቃጥለውን ኃይል ይቆጥባል፤ ረሃብ የሚቀሰቅሱ ሆርሞኖችም ይጨምራሉ። በአውስትራሊያ ተካሂዶ እ.አ.አ በ2011 የወጣ ጥናት ይህ የሆርሞን ለውጥ ክብደት ከቀነሰ ከአንድ ዓመት በኋላም እንደሚዘልቅ አሳይቷል። ሰውየው ግን ኪሎው ሲመለስ ራሱን ይወቅሳል፤ እንቅስቃሴውንም ክትትሉንም አብሮ ይተዋል። ትልቁ ጉዳት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ምልክት ሳያሳዩ ሊቆዩ ስለሚችሉ ከምርመራ የራቀ ሰው ሳያውቀው ይጎዳል።

ክብደትን ግቡ ያላደረገ የአኗኗር ምክር የመጣው ከዚህ የተነሳ ነው። አማካሪው “ስንት ኪሎ ቀነሱ?” ብሎ አይጀምርም። ይልቁንም “ሰውነትዎ የከለከለዎት ነገር ምንድን ነው? በዚህ ሳምንት ምን መጀመር ይችላሉ?” ብሎ ይጠይቃል። ግቡም ሳያርፉ ገበያ ደርሶ መመለስ፣ ቅዳሴን ቆሞ ማስቀደስ፣ ያለ ጉልበት ሕመም መስገድ ወይም የደም ግፊትን ማስተካከል ሊሆን ይችላል።

እ.አ.አ በ2005 በአሜሪካ ይፋ የሆነ ጥናት 78 ውፍረት ያለባቸውን ሴቶች በሁለት ከፍሎ ተከታትሏል። ምግብ እንዲቀንሱ ከተመከሩት 41 በመቶዎቹ በስድስት ወር ውስጥ ሲያቋርጡ፣ ክብደትን ሳያነሳ ከሚመክረው ቡድን ያቋረጡት 8 በመቶ ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ የሁለተኛው ቡድን ክብደት ባይቀንስም የደም ግፊታቸው፣ የኮሌስትሮል መጠናቸውና ለራሳቸው ያላቸው ግምት ተሻሽሎ ተገኝቷል። ጥናቱ አነስተኛ በመሆኑ ለሁሉም ሰው ተመሳሳይ ውጤት ያመጣል ማለት አይደለም፤ አቅጣጫውን ግን ያመለክታል።

በተግባር ምን ይደረግ?

እንቅስቃሴ፦ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ይበቃል። ለጀመረ ሰው አሥር ደቂቃም ጥሩ መነሻ ነው። እንቅስቃሴ ሚዛኑ ባይወርድም በሆድ ዕቃ ዙሪያ የሚከማቸውን ስብ ይቀንሳል። ከእርሻ ወጥቶ ከተማ የገባ ሰው በተለይ ይህን ሊያስብበት ይገባል፤ የሚመገበው እንደ አራሽ፣ የሚውለው ግን ወንበር ላይ ነውና።

ምግብ፦ ራስን ማስራብ አያስፈልግም። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ሥር በገበያችን የሚገኙ ጠቃሚ ምግቦች ናቸው። ከጓሮው ያመረተውን አትክልትና እንቁላል ሸጦ ለስላሳ መጠጥ የሚገዛ ቤተሰብ ከራሱ ማዕድ የተሻለውን እየሸጠ መሆኑን ልብ ይበል። በአንድ ትንሽ ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለ። የቀን የጨው ፍጆታም ከአንድ የሻይ ማንኪያ መብለጥ የለበትም። ቀስ ብሎ መመገብና ሲጠግቡ ማቆም ሌላው ልማድ ነው፤ እንግዳን “በሞቴ” እያሉ ከጥጋቡ በላይ ማጉረስ ግን ለዚህ አያግዝም።

እንቅልፍና ክትትል፦ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ ሰባት ሰዓት መተኛት ይጠቅመዋል። የደም ግፊትንና የደም ስኳርን በጤና ጣቢያ በየጊዜው መለካት፣ ውጤቱንም መዝግቦ መያዝ ከሚዛን ቁጥር የበለጠ ይናገራል።

ይህ ምክር ውፍረት ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ከልክ ያለፈ ውፍረት ለስኳር ሕመም፣ ለልብ ሕመም፣ ለመገጣጠሚያ ችግርና በእንቅልፍ ወቅት ለሚፈጠር የትንፋሽ መቆራረጥ ያጋልጣል። ሐኪም ክብደት መቀነስን ወይም መድኃኒትን ካዘዘ መከተል ይገባል፤ የተጀመረ መድኃኒትን በራስ ፈቃድ ማቋረጥና ያለ ሐኪም ትእዛዝ የማቅጠኛ ክኒን መውሰድ አደገኛ ነው። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ጾም ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር። የደረት ሕመም፣ ድንገተኛ የትንፋሽ እጥረት ወይም የማያቋርጥ ጥማትና ሽንት የታየበት ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

ቤተሰብና ጎረቤት ደግሞ ስለ ገላ ከመቀለድ ይልቅ አብሮ በመራመድና ማዕዱን በማስተካከል ሊያግዙ ይችላሉ። የሚሸማቀቅ ሰው ከጤና ጣቢያ ይርቃል፤ የተከበረ ሰው ግን ክትትሉን ይቀጥላል።