ከማማው ይልቅ ከጆሮ የሚጠጋው ስልክ ጥንቃቄን ይሻል

የተንቀሳቃሽ ስልክ ማማ በመኖሪያ ሠፈር ወይም በትምህርት ቤት አቅራቢያ ሊተከል ሲታቀድ ከነዋሪዎች ከሚነሱ ጥያቄዎች አንዱ የጤና ጉዳይ ነው። እንደ ዳንግላ ባሉ ከተሞች ለማማ ቦታ የሚፈቅዱና አቤቱታ የሚቀበሉ ኃላፊዎች ተገቢውን ምላሽ ለመስጠት የሞገዱን ባሕርይና የደህንነት ወሰኑን ማወቅ ይኖርባቸዋል።

በኢትዮጵያ የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት የተጀመረው በ1991 ዓ.ም በአዲስ አበባ ነው። ከኢትዮ ቴሌኮም በተጨማሪ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ከ2015 ዓ.ም አንስቶ ወደ ዘርፉ ገብቷል። ዘርፉን የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ስልክና ማማ የሚለዋወጡት የሬዲዮ ሞገድ ከራጅ ጨረር የተለየ ነው። የራጅ ጨረር የሕዋስን ዘረመል የመጉዳት አቅም ሲኖረው የሬዲዮ ሞገድ ግን ይህን ያህል ጉልበት የለውም። በሳይንስ የተረጋገጠው ዋነኛ ውጤቱ የሰውነትን ሕብረ ሕዋስ ማሞቅ ነው።

አዮን የማይፈጥሩ ጨረሮች መከላከያ ዓለም አቀፍ ኮሚሽን በ1990 ዓ.ም ያወጣውና በ2012 ዓ.ም ያሻሻለው መመሪያም በዚሁ ላይ የተመሠረተ ነው። መላው ሰውነት በእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ 4 ዋት ኃይል ለ30 ደቂቃ ቢቀበል ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይጨምራል። ይህ መጠን ለ50 ተካፍሎ ለኅብረተሰቡ የተፈቀደው ወሰን 0.08 ዋት በኪሎ ግራም እንዲሆን ተደርጓል። ለጭንቅላት ብቻ የተቀመጠው ወሰን 2 ዋት በኪሎ ግራም ነው።

የማማው አንቴና ሞገዱን በአብዛኛው ወደ አድማስ አቅጣጫ ስለሚልክ ከሥሩ ያለው መጠን አነስተኛ ነው። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ደግሞ ጥንካሬው ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1998 ዓ.ም እንዳስታወቀው ሕዝብ በሚገኝባቸው ቦታዎች የተለካው የማማ ሞገድ ከዓለም አቀፉ ወሰን ከ0.002 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነበር። ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ማማው ላይ ወጥተው ከአንቴናው ፊት ለሚሠሩ ባለሙያዎች ነው።

በአንጻሩ ስልኩ ከጭንቅላት ጋር ስለሚነካካ ተጠቃሚው ከፍተኛውን ሞገድ የሚያገኘው ከራሱ ስልክ ነው። ስልክ ማማ ሲርቀው የማሰራጫ ኃይሉን ከፍ ያደርጋል። በመሆኑም ከዳንግላ ከተማ ወጣ ባለ፣ ኔትወርክ በሚደክምበት የገጠር ቀበሌ የሚደዋወል ሰው ከማማው አጠገብ ከሚኖረው የበለጠ ሊጋለጥ ይችላል። ማማን ከሕዝቡ ማራቅ ሁልጊዜ ተጋላጭነትን አይቀንስም የሚባለውም ለዚህ ነው።

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2003 ዓ.ም የሬዲዮ ሞገድን «ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ» ከሚባሉት ምድብ አስገብቶታል። ምድቡ ማስረጃው ውስን መሆኑን እንጂ ጉዳቱ መረጋገጡን አያመለክትም። በዓለም ጤና ድርጅት ጠያቂነት ተካሂዶ በ2016 ዓ.ም ይፋ የሆነ የጥናቶች ግምገማ በስልክ አጠቃቀምና በአንጎል ካንሰር መካከል ግንኙነት አላገኘም።

ተጋላጭነቱን ለመቀነስ የሚሻ ተጠቃሚ የጆሮ ማዳመጫ ወይም የስልኩን ድምፅ ማጉያ መጠቀም፣ ንግግሩን ማሳጠር፣ ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ቦታም በጽሑፍ መልእክት መገልገል ይችላል። የአስተዳደር አካላት በበኩላቸው የነዋሪውን ሥጋት ሳያናንቁ አድምጠው፣ በቦታው የሞገድ ልኬት እንዲካሄድና ውጤቱ ከወሰኑ ጋር ተነጻጽሮ ለሕዝብ እንዲገለጽ ቢያደርጉ ምላሻቸው በማስረጃ የተደገፈ ይሆናል።