ማሽኑ ገባ፣ ውሃውስ?

እህቴ ቤይሩት ሰባት ዓመት ሠርታ ስትመለስ ለእናታችን ምን እንዳመጣች ገምቱ። ወርቅ? አይደለም። ጋቢ? እሱም አይደለም። አዲስ አበባ እንደገባች የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ገዛች! በአይሱዙ ተጭኖ፣ ደሴን አልፎ፣ በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም ሲደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። "ፍሪጅ ነው እንዴ?" አሉ።

"ሰባት ዓመት የሰው ሰሃን አጥቤያለሁ፤ እማዬ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ የእኛን። ይበቃታል" አለች እህቴ። የቦረናን ደጋ ብርድ የሚያውቅ ሰው፣ የጠዋት የሮቶ ውሃ ጣት ላይ ምን እንደሚያደርግ አይነገረውም።

እኔ ደግሞ "ቪዲዮ አይቼ እገጥመዋለሁ" አልኩ። እናንተም ብትሆኑ ይህንኑ ነበር የምትሉት፤ አትዋሹ።

በካቢኔቱ ጀመርኩ። የማሽኑ ወርድ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 82 ገደማ ነው። ከሲንኩ ጎን ያለውን ክፍል በር ፈታሁ፣ መደርደሪያውን አወጣሁ፣ ለቱቦና ለገመድ የሚሆን ቀዳዳ በሳሁ። የተበሳውን ጠርዝ በሲሊኮን መለሰንኩት፤ ቺፑድ ውሃ ከነካው እንደ ዳቦ ያብጣል። ሲንኩ ስር ካለው ቫልቭ ላይ ቲ ገጥሜ ውሃውን ቀጠልኩ። ከዚያ በኩራት አበራሁት።

ትንሽ አጉረመረመና ቆመ። የቧንቧ ምልክት ብልጭ ድርግም ይላል። ውሃ የለም ማለቱ ነው። ሲንኩን ብከፍተው ግን ውሃ አለ!

የሰፈራችን የቧንቧ ባለሙያ መጥተው ወደ ማሽኑ እንኳ አላዩም። ቀጥታ ወደ ውጭ ወጡ።

"ሮቶህ ስንት ሜትር ላይ ነው የተቀመጠው?"

"ሦስት ገደማ፣ ጋሼ።"

"አንድ ባር ግፊት ለማግኘት አስር ሜትር ከፍታ ያስፈልጋል። ያንተ 0.3 ነው። መመሪያው ምን ይላል?"

አነበብኩ። ቢያንስ 0.5 ባር ይላል። ቪዲዮውን የሠሩት ሰዎች ሮቶ የላቸውማ! ትንሽ የግፊት ፓምፕ ከሮቶው ሥር ገጠምንና ማሽኑ ጠጣ።

ጣጣው ግን አላለቀም። የማስወጫ ቱቦውን ወለል ለወለል ስቤ ሲፎኑ ላይ ሰክቼው ነበር። ማታ እናቴ የሽሮ እጣቢ ሲንኩ ላይ ስትደፋ፣ እጣቢው ዞሮ ማሽኑ ውስጥ ገባ። ለካ ቱቦው መጀመሪያ ሽቅብ ወጥቶ ከሲንኩ ስር መታሰር፣ ከዚያ ወደ ሲፎኑ መውረድ አለበት። መድኃኒቱ አንዲት ማሰሪያ ናት።

መብራቱንም አትናቁት። ማሽኑ ውሃ ሲያሞቅ 2 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። ከኤሌክትሪክ ምጣድ ጋር በአንድ ማከፋፈያ መሰካት እሳት መጥራት ነው፤ የራሱ ብሬከርና የመሬት ሽቦ ይኑረው።

"ውሃ በወረፋ በሚመጣበት አገር ይሄ ቅንጦት ነው" ያሉን ነበሩ። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ግን ማሽኑ ሞልቶ ሲያጥብ የሚፈጀው 10 ሊትር አካባቢ ነው። እኛ በሁለት ሳፋ ስናጥብና ስናለቀልቅ ከዚያ በላይ እንደፋለን። ግማሹን ባዶ አድርጎ ማስነሳት ነው ብክነቱ። ጀበናና የሸክላ ድስት ግን አይገቡበትም፤ እነሱ ዛሬም የእናቴ ናቸው።

የማሽኑን ታሪክ ለእህቴ አነበብኩላት። ጆሴፊን ኮክሬን የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1886 የፈጠራ መብት አስመዘገበችበት። ያነሳሳት፣ ሠራተኞቿ ውድ ሰሃኖቿን እየሸረፉባት ነው ይባላል።

እህቴ ሳቀች። "አየህ፣ ለሰሃኑ ታዝኖ ነዋ የተሠራው!"

እናንተም ለእናታችሁ ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት የሮቶአችሁን ከፍታ ለኩ።

በመጨረሻ በትክክል የሠራ ቀን፣ ከእራት በኋላ እናቴ እንደ ልማዷ እጅጌዋን ሰብስባ ተነሳች። እህቴ ክንዷን ይዛ አስቀመጠቻት። ሦስታችንም ሻይ ይዘን የማሽኑን ድምፅ አዳመጥን።

"ከእራት በኋላ እንዲህ ቁጭ ብዬ አላውቅም" አለች። እናቴ መስላችሁ? እህቴ ናት።