የፈረንሳይኛው «ፕሉስ ከ ፓርፌ» እና የአማርኛው «ነበር»

አንድ መንገደኛ ወደ አቦምሳ ሊሳፈር አዳማ መናኸሪያ ደረሰ እንበል። መኪናው የለም። ማታ ለወዳጁ ሲያወራ «ስደርስ አውቶቡሱ ሄዶ ነበር» ይላል። ድርጊቶቹ ሁለት ናቸው፤ መድረስና መሄድ። ሁለቱም አልፈዋል፤ አንዱ ግን ሌላውን ቀድሞ አልፏል። ፈረንሳዊ ይህንኑ «ካን ዠ ስዊ ዛሪቬ፣ ለ ካር ኤቴ ፓርቲ» ብሎ ይናገረዋል። መጨረሻ ላይ ያለችው «ኤቴ ፓርቲ» ፈረንሳዮች «ፕሉስ ከ ፓርፌ» የሚሉት፣ የአማርኛ ሰዋስው ደግሞ ሩቅ ኃላፊ የሚለው ጊዜ ናት።

ከዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ አንዲት ድምፅ ብትነሳ ታሪኩ ይለወጣል። «ለ ካር ፓርቴ» ቢባል አውቶቡሱ ገና እየተንቀሳቀሰ ነው፤ ሮጦ መድረስ ይቻላል። «ለ ካር ኤ ፓርቲ» ቢባል ደግሞ መንገደኛው ከደረሰ በኋላ ሄደ ማለት ነው፤ ምናልባትም እሱኑ ጭኖ። «ኤቴ ፓርቲ» ሲባል ግን አቧራው ከሰከነ ቆይቷል። በ«ኤ» እና በ«ኤቴ» መካከል ያለው ልዩነት አንድ ክፍለ ቃል ብቻ ስለሆነ፣ ጆሮ ያልሠለጠነ ተማሪ መኪናው እንዳመለጠው ሳይገባው ሊቀር ይችላል።

ፈረንሳይኛ ለስምጥ ሸለቆ ከተሞች እንግዳ ቋንቋ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1917 አዲስ አበባ የገባው የባቡር ሐዲድ በአዋሽ፣ በመተሐራና በአዳማ አልፏል። የኩባንያው የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር፤ የአዲስ አበባው ለገሃር ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። አቦምሳ ከሐዲዱ ወዲያ፣ ከአዋሽ ወንዝ ማዶ በአርሲ በኩል ያለች የመርቲ ወረዳ ከተማ ስለሆነች ባቡሩ አልደረሰባትም። በአዲስ አበባ አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝ እ.ኤ.አ. በ1907 ተቋቁሟል፤ ሊሴ ገብረማርያም ደግሞ በ1947 ተከፍቷል። ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች ውጭ ግን ቋንቋውን የሚጀምር ኢትዮጵያዊ ብዙውን ጊዜ እንግሊዝኛ ቀድሞ የተማረ ነው። ስለዚህ ፕሉስ ከ ፓርፌንም በእንግሊዝኛው «ሃድ» በኩል ያልፍበታል። ይህ ጠመዝማዛ መንገድ ነው። አማርኛና ኦሮምኛ የሚናገር ልጅ በቤቱ የቀረበ አቋራጭ አለው።

መጀመሪያ አሠራሩ። ይህ ጊዜ ሁልጊዜ ከሁለት ቃላት ይገነባል። አንደኛው ረዳት ግሥ ነው፤ ይኸውም «አቯር» (አለው) ወይም «ኤትር» (ነው) በኢምፓርፌ፣ ማለትም እንደ «ይጽፍ ነበር» ባለው ጊዜ ሲረባ። አቯር ሲሆን ዣቬ፣ ቱ አቬ፣ ኢላቬ፣ ኑዛቪዮን፣ ቩዛቪዬ፣ ኢልዛቬ ይላል። ኤትር ሲሆን ዤቴ፣ ቱ ኤቴ፣ ኢሌቴ፣ ኑዜቲዮን፣ ቩዜቲዬ፣ ኢልዜቴ ይሆናል። ሁለተኛው ዋናው ግሥ ነው፤ ድርጊቱ ማለቁን በሚያሳይ መልኩ ይቀመጣል። «ማንዤ» ከበላ፣ «ፊኒ» ከጨረሰ፣ «ቫንዱ» ከሸጠ ይወጣሉ፤ አብዛኛው ግሥ ከእነዚህ ከሦስቱ ፈለግ አንዱን ይከተላል። አፈንጋጮቹ ግን በየቀኑ የሚነሡት ናቸው፤ «ፌ» ከሠራ፣ «ዲ» ከተናገረ፣ «ቩ» ከአየ፣ «ፕሪ» ከወሰደ፣ «ሱ» ከዐወቀ። እነዚህን በቃል መያዝ ግድ ነው። የፊደል ነገርም አለ፦ «ቱ» እና «ቩ» ላይ ያለው አናባቢ በኡ እና በኢ መካከል የሚወድቅ ስለሆነ የግዕዝ ፊደል በቀጥታ አይዘውም፤ ከንፈርን ለኡ አሹሎ ኢ ማለት ነው።

አሁን አማርኛው ይምጣ። ሄጄ ነበር፣ ሄደህ ነበር፣ ሄዳ ነበር፣ ሄደው ነበር። የሚረባው ቦዝ አንቀጹ ነው፤ «ነበር» ካለበት አይነቃነቅም። ፈረንሳይኛ ይህንን ገልብጦ ይሠራዋል፤ በ«ዣቬ ማንዤ፣ ኢላቬ ማንዤ፣ ኑዛቪዮን ማንዤ» የሚወራጨው ረዳቱ ነው፤ «ማንዤ» እንደቆመ ይቀራል። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ተማሪ ባለቤቱን ከዋናው ግሥ ላይ ሊፈልገው የሚነሣው ለዚህ ነው።

የአቦምሳ ልጅ ግን ኦሮምኛም አፉን የፈታበት ከሆነ ሦስተኛ ሥርዓት በእጁ ነው። «ዴሜ ቱሬ» ሄዶ ነበር፣ «ዴምቴ ቱርቴ» ሄዳ ነበር፣ «ዴማኒ ቱራን» ሄደው ነበር። እዚህ ሁለቱም ቃላት ይረባሉ፤ ረዳቱም ከባለቤቱ ጋር ይንቀሳቀሳል። ሴትን ለይቶ ማመልከት በሁለቱም ላይ ይታያል። ከፈረንሳይኛው የኤትር ወገን ጋር ሲተያይ ቅርበቱ ያስደንቃል። «ኢሌቴ ሞር» ሞቶ ነበር፣ «ኤሌቴ ሞርት» ሞታ ነበር። ረዳቱ በአካልና በቁጥር ይረባል፤ ዋናው ግሥም ጾታና ቁጥር ይይዛል። በብዙ ግሦች ላይ ይህ ለውጥ በጽሑፍ እንጂ በድምፅ አይሰማም፤ «ሞርት» ላይ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል። በክፍል ውስጥ ኦሮምኛን ወደ ጎን አድርጎ ይህንን በእንግሊዝኛ ማስረዳት፣ ልጁ የያዘውን ሀብት አስጥሎ ባዶ እጁን ማስጀመር ነው።

ተማሪን የሚያስጨንቀው ትልቁ ጥያቄ አቯር ወይስ ኤትር የሚለው ነው። ለአብዛኞቹ ግሦች መልሱ አቯር ነው። ወደ ኤትር የሚሄዱት ጥቂት ናቸው፤ ሄደ፣ መጣ፣ ደረሰ፣ ወጣ፣ ገባ፣ ወረደ፣ ወደቀ፣ ቀረ፣ ተወለደ፣ ሞተ እና የእነዚህ ዘመዶች። መንቀሳቀስ ሁሉ አይደለም፤ «ሮጬ ነበር» በአቯር «ዣቬ ኩሩ» ነው።

ከእነዚህ ውስጥ አንዳንዶቹ ሁለቱንም ረዳቶች ይወስዳሉ፤ መማሪያ መጻሕፍት ከፍ ወዳለ ደረጃ የሚያቆዩትም ይህንኑ ነው። አማርኛ እዚህ ላይ በአንዲት «አ» ይገላግላል። ተሳፋሪው አቦምሳ ላይ ከአውቶቡስ «ወርጄ ነበር» ቢል በፈረንሳይኛ «ዤቴ ዴሳንዱ» ነው። የአውቶቡሱ ረዳት ከጣሪያ ላይ ጆንያዎቹን «አውርጄ ነበር» ቢል «ዣቬ ዴሳንዱ ሌ ሳክ» ይሆናል። ፈረንሳይኛው ግሡን ሳይነካ ረዳቱን ይለውጣል፤ አማርኛው ረዳቱን ሳይነካ ግሡን ይለውጣል። ወጥቼ ነበር ሲባል ኤትር፣ ገንዘብ አውጥቼ ነበር ሲባል አቯር። ሰውየው በራሱ ላይ ያደረገው ሲሆንም መንገዱ ያው ነው፤ «ታጥቤ ነበር» በኤትር «ዠ ሜቴ ላቬ»፣ «ሸሚዙን አጥቤ ነበር» በአቯር «ዣቬ ላቬ ላ ሸሚዝ»። ይህን መለያ እንግሊዝኛው «ሃድ» ሊሰጥ አይችልም፤ ለሁሉም አንድ ረዳት ነውና።

ጥቅሙ ላይም ሁለቱ ቋንቋዎች ብዙ ቦታ ይገናኛሉ። እናት ልጇ ያልሰማት ምክር ሲደርስበት «ነግሬህ ነበር» ትላለች። ፈረንሳዊቷም እናት «ዠ ተ ላቬ ዲ» ትላለች፤ ያው ፕሉስ ከ ፓርፌ ነው። ትሕትናም አለው። ቢሮ ገብቶ «አንድ ነገር ላስቸግርዎ መጥቼ ነበር» የሚል ሰው አሁንም እዚያው ቆሟል፤ መምጣቱን ወደ ኋላ የሚገፋው ጥያቄውን ለማለስለስ ነው። «ዤቴ ቨኑ ቩ ደማንዴ አን ሴርቪስ» የሚለው ፈረንሳዊም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

መጠንቀቅ የሚያስፈልገው በሁኔታ ዓረፍተ ነገር ነው። «ባውቅ ኖሮ አልመጣም ነበር» ሲባል «ነበር» የሚያርፈው መዝጊያው ላይ ነው። በፈረንሳይኛ ፕሉስ ከ ፓርፌ የሚገባው ግን ከ«ሲ» ጋር፣ በመክፈቻው ነው፤ «ሲ ዣቬ ሱ፣ ዠ ን ሰሬ ፓ ቨኑ»። መዝጊያው ሌላ መልክ ይይዛል። የፈረንሳይ ልጆች ራሳቸው ሁለቱን እያቀላቀሉ በመምህሮቻቸው ይታረማሉ።

አሉታውም ይለያያል። አማርኛ «በልቼ ነበር» ያለውን ሲያፈርስ ቦዝ አንቀጹን ጥሎ «አልበላሁም ነበር» ይላል። ፈረንሳይኛ ምንም አይጥልም፤ ረዳቱን በሁለት ቃል አቅፎ «ዠ ናቬ ፓ ማንዤ» ይላል። በዚህኛው ላይ የሚቀለው ፈረንሳይኛው ነው።

የሁለቱን ሥርዓት ከወዲያ በኩል የመረመረ ሰው ነበር። ማርሴል ኮኸን የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1910 እና በ1911 ኢትዮጵያ ተቀምጦ ቋንቋዎቿን አጠና። በ1924 የሴማውያን ቋንቋዎች ግሥ ጊዜን እንዴት እንደሚገልጽ የሚመረምር መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1936 ደግሞ ፓሪስ ላይ ትልቁን የአማርኛ ሰዋስው አወጣ። አማርኛ ለሚማር ፈረንሳዊ ከባዱ ነገር «ነበር» ከሁለት በኩል መሥራቱ ነው፤ «ይጽፍ ነበር» ኢምፓርፌ ሲሆን «ጽፎ ነበር» ፕሉስ ከ ፓርፌ ነው። በፈረንሳይኛ የመጀመሪያው «ኢሌክሪቬ» በአንድ ቃል ያልቃል፤ ሁለተኛው «ኢላቬ ኤክሪ» ሁለት ቃል ይጠይቃል።

አማርኛ ተናጋሪው ደግሞ የሚሳሳትበት የራሱ ቦታ አለው። «ባለፈው ሳምንት አዳማ ሄጄ ነበር» በአማርኛ ሙሉ ንግግር ነው፤ ሄዶ ተመልሷል፣ ሌላ ነገር አይጠበቅም። ይህ ቃል በቃል «ዤቴ ዛሌ ኣ አዳማ» ተብሎ ከተነገረ ፈረንሳዊው ሰሚ ዐይን ዐይኑን እያየ ቀጣዩን ይጠብቃል፤ ከምን በፊት እንደሆነ አልተነገረውማ። ለዚህ ቦታ ትክክለኛው ቅርቡ ኃላፊ፣ «ዠ ስዊ ዛሌ ኣ አዳማ» ነው።