ማሲንቆ ሲተርክ

ማሲንቆን ያላየ አንባቢ ይኖራል ብዬ ስለማላስብ በአጭሩ ልለፈው፦ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር፣ በቆዳ የተለጎመ ባለ አራት ማዕዘን ሳጥን፣ እጣን የሚታሽ ደጋን።

የሚያናድዱኝ ማሲንቆን ‹አጃቢ› የሚሉት ናቸው። እስቲ ልብ ብላችሁ ስሙ። አዝማሪው አንድ ስንኝ አውጥቶ ዝም ይላል፤ ክሩ ዜማውን ይደግመዋል። ብዙው ሰው ያን ጊዜ ነው ወደ ጠርሙሱ የሚዞረው። ትልቁ ሥራ ግን እዚያች ላይ ነው ያለው። አዝማሪው ቤት የሚመታለትን ቃል እየፈለገ፣ ማን ከማን ጋር እንደመጣ፣ ማን ምን እንደለበሰ በዓይኑ ይለቅማል፤ አድማጩም ሰሙን ገፎ ወርቁን የሚያገኝባት ፋታ ያቺው ናት። ተረት ሲነገረን ‹የላም በረት› ባዮቹ እኛ ልጆቹ ነበርን፤ አዝማሪ ቤት ግን ተቀባዩ ክሩ ነው።

ይህን ያስተማሩኝ ጎንደር ያገኘኋቸው አንድ ሽማግሌ አዝማሪ ናቸው። ዝፈኑልን ሲባሉ «ጉሮሮዬ አርጅቷል፤ ይልቅ ላውጋችሁ» አሉና ደጋኑን ጭናቸው ላይ አጋድመው የአንዲት የጠፋች በቅሎ ነገር ያወጉን ጀመር። ያለ ዜማ፣ እንዲሁ በቃል። ዳኛው ተጠርጣሪውን «በቅሎዋን አይተሃል?» ሲለው አፋቸውን ገጥመው ደጋኑን አነሡ። ክሩ አንዴ ረዘም አድርጎ አቃሰተ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ ሌባው ማን እንደሆነ መናገር አላስፈለጋቸውም። ወጉ እስኪያልቅ ደጋኑን ያነሡት አምስት ጊዜ ቢሆን ነው፤ ሁልጊዜም ታሪኩ ውስጥ አንድ ሰው መልስ ሲያጣ።

እንዲህ ያለውን ወግ ከሸክላ እሰማለሁ የሚል ይኖር ይሆናል። ገጣሚው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። የዚያ ዘመን ሸክላ አንድ ገጹ የሚይዘው ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ነው፤ ለግጥም ይበቃል፣ ለበቅሎ ፍለጋ አይበቃም። ስለዚህ ተራኪውን አዝማሪ ከሸክላ አትጠብቁ፤ ሄዳችሁ ፊት ለፊቱ ተቀመጡ።

ከተቀመጣችሁ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ስንኙ ገና ቤት ሳይመታ ግንባሩ ላይ ብር ሊለጥፍ ብድግ የሚል አይጠፋም። መሸለሙ ደግ ነው፤ አዝማሪ የሚያድረው በእሱ ነው። ብቻ ክሩ የሚለውን ብሎ እስኪጨርስ ብሩን በእጃችሁ ያዙት።