ስለ ዘር ምርጫና ስለ ምርት ቁጥር

በማንኩሳ፥ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ያሉ ክቡራን ሹማምንትና ባለ እርሻዎች እንዲያስተውሉት የሚያስፈልግ ነገር አለ፤ ይኸውም፥ አንድ ዘር ባንድ ማሳ ባንድ ዘመን ብዙ ስላፈራ ለሕዝብ ማደል ያሳስታል። ምርቱን ያበዛው የጓሮው ፍግ ወይም የዘመኑ ዝናም ሊሆን ይችላልና። ዘሩ ሲከሽፍ የሚራበው ገበሬው ነው።

ስለዚህ ማሳውን በእኩል መደብ ከፍሎ፥ ለእያንዳንዱ ዘር ብዙ መደብ በዕጣ መስጠት፥ ምርቱንም ለየብቻው መዝኖ መጻፍ ይገባል። ለምሳሌ አንዱ ዘር በ4 መደብ 9፥ 12፥ 13ና 14 ኪሎ ቢሰጥ አማካዩ 12 ነው። ዘሩ አንድ ሲሆን ምርቱ እንዲህ የሚለያየው በመሬቱ ምክንያት ስለ ሆነ፥ ሌላው ዘር በአማካይ 13 ኪሎ ቢሰጥ ይበልጣል ለማለት አይበቃም፤ በየቀበሌውና በየዓመቱ ተደጋግሞ ሲበልጥ ግን ይታመናል።

ቁንጮ የተባለው ጤፍ በደብረ ዘይት ምርታማ ከሆነው ከዱከምና ፍሬው ከነጣው ከማኛ ተዳቅሎ፥ በልዩ ልዩ ስፍራ ተፈትኖ በ1998 ዓ. ም. ለገበሬው ወጣ። በጎጃም ያለው የአዴት ምርምር ማዕከልም ዘር የሚፈትነው በዚሁ ሥርዓት ነው።

እንግዲህ የመረታችሁትን ብቻ ሳይሆን የከሸፈውንም መደብ ሳትደብቁ ጻፉ፤ የተደበቀ ቁጥር የከርሞውን ጎተራ ያጎድላልና።